ግራፉ ሲሄድ የቀረው ጠቋሚ፤ ስለ አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መመልከቻ ፕሮግራም የቀረበ ሒስ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ሲሆን፤ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ በፎቅ ላይ ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ አልጋቸው ሲወዛወዝ ነቅተዋል። የመንቀጥቀጡ መነሻ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ነበር። መጠኑንም አንዳንዶቹ የዓለም የምርምር ተቋሞች 5.7፤ ሌሎቹ 5.8 ብለው መዝግበውታል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ መጠኑ 6.0 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለ። በእነዚያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል።

በከተማችንም በየታክሲው፤ በየቡና ቤቱና በየመማሪያ ክፍሉ አንድ ጥያቄ ይነሣ ነበር፤ ይኸውም «መነሻው ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነውን?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በመለኪያ መልስ ለመስጠት ከፈለጉት መካከል ጥቂት ተማሪዎች ይገኙባቸዋል። በፉሪ ተራራ ላይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አባል ስለ ሆነ፤ መዝገቡን ማንም ተመራማሪ በነጻ ሊያገኘው ይችላል። ተማሪዎቹ ይህን መዝገብ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ እንደ ግራፍ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠርተው ለጓደኞቻቸው አደሉ። ፕሮግራሙ በሜክሲኮ አካባቢ ከሚገኙት የኮምፒዩተር ክፍሎች ወደ አንዱ ደርሶ እኛም ለመመልከት ዕድል አገኘን። የሠሪዎቹን ስም መጥራት ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ የምንመረምረው ሥራውን እንጂ ሰዎቹን አይደለምና።

በመጀመሪያ የሥራውን መልካም ጎን መናገር ይገባናል። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሳይቀር ይሠራል። የሜኑው ጽሑፍ በአማርኛ ነው። መዝገቡን ከፍቶ ማየት፤ ማጉላትና ማሳነስ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ይቻላል። በማውስ የሚንቀሳቀስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፤ ማለት ጠቋሚ፤ በሞገዱ ላይ ሲቆም ሰዓቱን ያነባል። ይህን ሁሉ ያለ ገንዘብና ያለ ረዳት ማከናወን የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሒሳችን የሚያተኩረው በዚሁ ጠቋሚና በዚሁ መጎተት ላይ ነው፤ የመሣሪያው ጥቅም ሁሉ የተንጠለጠለው በእነርሱ ላይ ነውና።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የአነባበቡን ሥርዓት በአጭሩ እናስታውስ። መሬት ስትንቀጠቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ከአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ፈጣኑ ፒ ሞገድ ይባላል፤ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዘገምተኛው ኤስ ሞገድ ይባላል፤ እርሱም በሴኮንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ ዘግይቶ ሲሰማ በመካከሉ ካለው ጊዜ የዝናቡን ርቀት እንደምንገምት፤ እንዲሁ በፒና በኤስ መድረሻ መካከል ያለውን ጊዜ ለክተን የመንቀጥቀጡን ርቀት እናሰላለን። በተጠቀሱት ፍጥነቶች መሠረት በሁለቱ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሴኮንድ 8.4 ኪሎ ሜትር ይመዝናል። ልዩነቱ 16.7 ሴኮንድ ከሆነ ርቀቱ 140 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ በጠቋሚው ላይ የሚደርስ የአንድ ሴኮንድ ስሕተት በመሬት ላይ ከ8 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስሕተት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ አነባበብ በአገራችን አዲስ አይደለም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፤ ማለት በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ.፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞ ነበር። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ለብዙ ዓመታት መርተውታል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰውን ከባድ መንቀጥቀጥ ያጠኑት፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ያወጡት እርሳቸው ናቸው። የአዲስ አበባው ጣቢያ አባል በሆነበት የዓለም መረብ ውስጥ የአጭር ሞገድ መዝገብ የሚጻፍበት ወረቀት በደቂቃ 60 ሚሊ ሜትር ይጓዝ ነበር፤ ስለዚህም አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሴኮንድ ነው። አንባቢው ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፤ ፒ የጀመረበትን በእርሳስ ምልክት አድርጎ፤ ኤስ የጀመረበትንም እንዲሁ፤ በመካከሉ በማስመሪያ ይለካል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ማንም ሳያስበው የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ። ወረቀቱ ቢጎተት የእርሳሱ ምልክት አብሮ ይጎተታል፤ ምልክቱ የተጻፈው በጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ነውና። በስክሪን ላይ ግን ይህ ሕግ በራሱ አይጠበቅም፤ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው አስቦ ካልጠበቀው ይጠፋል። የምንመረምረው ፕሮግራም ጉድለቶች ሁሉ የሚመነጩት ይህን ሕግ ከመዘንጋት ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት በጠቋሚው አሣሣል ላይ ይታያል። በፊተኛው እትም ጠቋሚው የሚሣለው የነጥቦቹን ቀለም በመገልበጥ ነበር፤ ነጩ ጥቁር፤ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል። ያንኑ ስፍራ ሁለተኛ ሲገለብጡት ወደ ነበረበት ስለሚመለስ መስመሩ ይጠፋል። ዘዴው የቆየና ኮምፒዩተሮች ደካማ በነበሩበት ዘመን የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ግልበጣ መካከል ከሥር ያለው ሥዕል መለወጥ የለበትም። በዚህ ፕሮግራም ግን ግራፉ ሲጎተት ሥዕሉ ከነጠቋሚው ወደ ጎን ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ የማጥፊያው ትእዛዝ ወደ አሮጌው ስፍራ ይሄዳል። በዚያ ስፍራ የሚጠፋ መስመር ስለሌለ፤ ለማጥፋት የሄደው ትእዛዝ አዲስ መስመር ይፈጥራል። ጥቂት ከጎተቱ በኋላ ስክሪኑ እንደ ተጠረበ አጥር በመስመሮች ይሞላል፤ እውነተኛው ጠቋሚ የትኛው እንደ ሆነም አይታወቅም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የጠለቀ ነው። ተማሪው የፒን መድረሻ ሲመርጥ ፕሮግራሙ የሚይዘው «ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ይህን ያህል ፒክስል» ብሎ ነው እንጂ «በመዝገቡ ውስጥ ይህ ሰዓት» ብሎ አይደለም። ውጤቱን በቍጥር እንይ። ስክሪኑ 1200 ፒክስል ስፋት ኖሮት 12 ሴኮንድ እንዲያሳይ ብናጎላው፤ ለአንድ ሴኮንድ 100 ፒክስል ይደርሰዋል። ፒ በ100ኛው ፒክስል ላይ ይሁን። ኤስ ከ16.7 ሴኮንድ በኋላ ስለሚመጣ ከስክሪኑ ውጭ ነው፤ ግራፉን በ10 ሴኮንድ ወደ ግራ እንጎትት። አሁን ኤስ በ770ኛው ፒክስል ላይ ታየ። የፒ መስመር ግን ከሞገዱ ጋር ሳይሄድ በ100ኛው ፒክስል ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ፕሮግራሙ በሁለቱ መስመሮች መካከል 670 ፒክስል ቈጥሮ 6.7 ሴኮንድ ይላል፤ ርቀቱም 56 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት የፈንታሌ መንቀጥቀጥ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ሞጆ ካለችበት ርቀት እንኳ ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ያን ሰሞን እንዲህ ያለ ቍጥር ከአንድ ተማሪ ስልክ ወጥቶ በከተማ ቢሰማ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለመገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው ጉድለት በመጎተቱ ሒሳብ ላይ ነው። መዝገቡ በሴኮንድ 40 ናሙና አለው እንበል። ከላይ በተነገረው ማጉላት አንድ ፒክስል 0.4 ናሙና ይሆናል። ፕሮግራሙ ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ትንሿን እርምጃ ወደ ናሙና ይለውጥና ክፍልፋዩን ቈርጦ ይጥላል። እጅ በ3 ፒክስል እርምጃ ሲሄድ 1.2 ናሙና መሆን የሚገባው 1 ብቻ ይሆናል፤ 0.2 ይጠፋል። በ1 ፒክስል እርምጃ ሲሄድ ደግሞ 0.4 የነበረው ባዶ ስለሚሆን ግራፉ ከነጭራሹ አይነቃነቅም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግራፉ ከእጅ ኋላ ይቀራል ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የሰዓቱን ንባብ የሚሰጠው ክፍል ግራፉ በእውነት የሄደውን አይጠይቅም፤ እጅ የሄደውን ፒክስል ለብቻው ይደምራል። አንድ ፕሮግራም ስለ አንድ ነገር ሁለት መዝገብ ይዟል ማለት ነው። ከሜክሲኮ ብዙ በማይርቀው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሒሳብ አያያዝ የተማረ ሰው ሁለት መዝገብ የማይታረቅበት ሱቅ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል።

ሠሪዎቹ የጓደኞቻቸውን ስሞታ ሰምተው ሁለተኛ እትም አወጡ። ዋናው ነቀፋችን የሚነሣው በዚህ በታረመው እትም ላይ ነው። በአዲሱ እትም ስክሪኑ በሙሉ እየተጠረገ እንደ ገና ስለሚሣል የሙት መስመሮች የሉም። የፒም መስመር ግራፉ ሲጎተት አብሮ ይሄዳል። መልኩ አምሯል፤ ተማሪዎችም «ተስተካከለ» ብለው ተቀብለውታል። ሦስተኛው ጉድለት ግን፤ ማለት የሁለቱ መዝገብ ነገር፤ እንደ ነበረ ተቀምጧል።

ይህም ምን እንደሚያስከትል ያንኑ ምሳሌ ይዘን እንመልከት። ጠንቃቃ ተማሪ ግራፉን ቀስ ብሎ፤ በ3 ፒክስል እርምጃ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እያነሣ ይጎትታል። ግራፉ በእውነት 10 ሴኮንድ፤ ማለት 400 ናሙና፤ እንዲሄድ እጁ 400 እርምጃ፤ ማለት 1200 ፒክስል፤ መሄድ አለበት። የንባቡ መዝገብ ግን ይህን 1200 ፒክስል 12 ሴኮንድ ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ የኤስ ንባብ በ2 ሴኮንድ ይዘገያል፤ ልዩነቱ 16.7 መሆኑ ቀርቶ 18.7 ይሆናል፤ ርቀቱም 140 መሆኑ ቀርቶ 157 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ችኩል ተማሪ ደግሞ በ30 ፒክስል እርምጃ ቢጎትት፤ 30 ፒክስል ልክ 12 ናሙና ስለሆነ ምንም አይጠፋም፤ ንባቡም 140 ኪሎ ሜትር ሆኖ በትክክል ይወጣል። ጠንቃቃውን የሚያሳስት፤ ችኩሉን የሚያቀና መለኪያ እንዴት ያለ መለኪያ ነው?

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ተማሪ ትናንት በዝግታ ጎትቶ 157 ኪሎ ሜትር አንብቦ፤ ዛሬ ተመሳሳይ መንቀጥቀጥ በፍጥነት ጎትቶ 140 ቢያነብ፤ «መነሻው በአንድ ቀን 17 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ቀረበ» ብሎ ሊደመድም ይችላል። የቀረበው ግን መንቀጥቀጡ አይደለም፤ የተለወጠው የእጁ ፍጥነት ነው። የከተማው ሕዝብ በጭንቀት ይጠይቀው ለነበረው ለዚያ ጥያቄ ፕሮግራሙ የሚሰጠው መልስ የአንድን ሰው የእጅ አመል እንጂ የመሬትን ጠባይ አይናገርም።

እንግዲህ የፊተኛው እትም ከኋለኛው ይሻል ነበር ብንል አንባቢ አይደነቅ። በፊተኛው የሙት መስመሮች ስክሪኑን ሲሞሉት ማንም ሰው «ይህ ነገር ታሟል» ብሎ ይጠነቀቅ ነበር፤ 56 ኪሎ ሜትር የሚለውንም ንባብ ማንም አስተዋይ አያምነውም። በኋለኛው ግን ምልክቱ ጠፍቶ በሽታው ቀረ። 157 የሚለው ቍጥር ሊሆን የሚችል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፤ በችኮላ የተደረገው እርማት ማስጠንቀቂያውን ብቻ አስወገደ። ስሕተትን ከማይታይበት ስፍራ ማስቀመጥ ማረም አይባልም።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው «ፕሮግራሙ ለመለማመጃ ነው፤ የመንቀጥቀጥን ስፍራ የሚወስኑት ተቋሞች ብዙ ጣቢያዎችን አንድ ላይ አድርገው ያሰላሉ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንድ ጣቢያ ርቀትን እንጂ አቅጣጫን በዚህ መንገድ አይሰጥም፤ ቢያንስ የሦስት ጣቢያ ክበቦች መገናኘት አለባቸው። ነገር ግን መልመጃ ማለት ዐይንንና እጅን ማሠልጠን ነው። በተንጋደደ ማስመሪያ የሠለጠነ ተማሪ ሦስቱ ክበቦች አልገናኝ ሲሉት መሬቱን ወይም ቀመሩን ይከሳል እንጂ ማስመሪያውን አይጠረጥርም። ሁለተኛው መቃወሚያ «ዛሬ ኮምፒዩተር የሞገዱን መድረሻ በራሱ ይመርጣል፤ ጠቋሚ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ኮምፒዩተሩ የመረጠውን የሚመረምረው ሰው ነው፤ የሚመረምረውም በጠቋሚ ነው። ዳኛው የተሳሳተ መነጽር ካደረገ ፍርዱ ምን ሊሆን ነው?

መድኀኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ እውነት ብቻ ይኑር፤ እርሱም የመዝገቡ ሰዓት ይሁን። ስክሪኑ የሚጀምርበት ሰዓት በአንድ ስፍራ ብቻ፤ ክፍልፋዩ ሳይቈረጥ ይጻፍ። ግራፉን የሚሥለውም፤ ጠቋሚውን የሚሥለውም፤ ንባቡን የሚሰጠውም ከዚያው ከአንዱ ስፍራ ይቅዱ። የተመረጠ ነጥብ በሰዓት ይያዝ፤ ፒክስሉ በየሥዕሉ ጊዜ ከሰዓቱ ይሰላ። ግራፉ ሲጎተት ትንንሾቹን እርምጃዎች ከመደመር ይልቅ ማውሱ የተጫነበት የመጀመሪያ ስፍራ ይታወስና፤ ከዚያ እስከ አሁኑ ስፍራ ያለው ጠቅላላ ርቀት በአንድ ጊዜ ይለወጥ፤ እንዲህ ከሆነ የሚከማች ስሕተት አይኖርም። ጠቋሚው ከግራፉ በላይ በተለየ ንጣፍ ላይ ይሣል፤ ይህ ካልተቻለ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ጠቋሚው ይጥፋ፤ ቀጥሎ ግራፉ ይንቀሳቀስ፤ በመጨረሻ ጠቋሚው ይሣል።

ስለ ሰዓት ከተነሣ፤ ሠሪዎቹ ያደረጉትን አንድ መልካም ሐሳብ ከአንድ ጥንቃቄ ጋር እናንሣ። ጠቋሚው ሰዓቱን በእኛ አቈጣጠር እንዲያነብ አድርገዋል። የዓለም መዝገብ የታኅሣሡን መንቀጥቀጥ ጃንዋሪ 4 ቀን 2025፤ 00 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ብሎ ይጽፈዋል፤ ይህም በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ነው። ይህን መተርጐም ተገቢ ነው፤ የሜክሲኮ ነዋሪ የነቃበትን ሌሊት በሚያውቀው ሰዓት ያገኘዋልና። ነገር ግን ትርጒሙ የሚደረገው ቍጥሩ በስክሪን ላይ በሚጻፍበት ጊዜ ብቻ መሆን አለበት። የተተረጐመው ሰዓት ወደ ሒሳቡ ተመልሶ ከገባ ሦስተኛ መዝገብ ተከፈተ ማለት ነው።

በመጨረሻም እርማቱ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ፈተና እናቀርባለን፤ ማንም ተማሪ በግማሽ ሰዓት ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ሹል ምልክቶች ብቻ ያሉበት፤ አንዱ በ10 ሴኮንድ፤ ሌላው በ26.7 ሴኮንድ ላይ የተተከለ ሰው ሠራሽ መዝገብ ይዘጋጅ። በእጅ ዝግታ፤ በእጅ ፍጥነት፤ ተጎልቶም ተሳንሶም ይነበብ፤ በሁሉም ልዩነቱ 16.7 መሆን አለበት። ቀጥሎ ግራፉ ወደ ግራ መቶ ጊዜ፤ ወደ ቀኝም መቶ ጊዜ በእኩል ርቀት ይጎተት፤ ምልክቱ ከተነሣበት ፒክስል ላይ ተመልሶ ካልተገኘ ሥራው አልተፈጸመም። የመስኮቱን ስፋት ቀይሮም ያንኑ መድገም ይገባል። እነዚህን ፈተናዎች ሳያልፍ «ተስተካከለ» የሚለው ቃል ባይነገር ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያልነው የጓደኞቻችንን ድካም ለማቃለል አይደለም። ሌላው በወሬ ሲጨነቅ እነርሱ መለኪያ ለመሥራት ተነሡ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መለኪያ የሚከበረው በመልኩ ሳይሆን በታማኝነቱ ነው። ቀድሞ በወረቀት ላይ ያነቡ የነበሩት ሰዎች ያላቸው ማስመሪያና እርሳስ ብቻ ነበር፤ ምልክታቸው ግን ከሞገዱ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ሦስተኛው እትም ይህን አንዱን ነገር ብቻ ቢያሟላ፤ ምሥራቁ እንደ ገና በተንቀጠቀጠ ጊዜ «እየቀረበ ነውን?» ለሚለው ጎረቤታችን በልበ ሙሉነት የምንነግረው ቍጥር ይኖረናል።